ጅጅጋን ለማያውቅ ሰው

ወደ ጅጅጋ ለመሄድ ፓስፖርት አያስፈልግም፤ ቪዛ የሚጠይቅም የለም። ሆኖም ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከጎንደር ተነስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባባት ሰው የሰው አገር የደረሰ ይመስለዋል። የሱቁ ማስታወቂያ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሶማሊኛ ነው። ምሳው ሩዝ ነው፣ ከሩዙ ጋር ሙዝ ይመጣል። ሽማግሌው ጢሙን በሂና አቅልቶታል። ከምሳ በኋላ ጭር ያለው ጎዳና መሸት ሲል ይደምቃል።

ሁለት ዓይነት እንግዳ አያለሁ። አንዱ «አገሬ አይደል እንዴ» ብሎ ሁሉን እንደ ሰፈሩ አድርጎ ይገባና በየደረሰበት ይጋጫል። ሌላው ባሕር የተሻገረ ያህል ተሸማቅቆ፣ ከሆቴል ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ሆቴል ሲል ይሰነብትና ምንም ሳያይ ይመለሳል። ምክሬ ለሁለቱም ነው፤ ለሥራ ለተመደበውም፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለሚያደርሰውም፣ ለሰርግ ለተጠራውም፣ እንዲሁ አገር ልይ ብሎ ለተነሳውም።

ሳይነሱ

መታወቂያዎን ይያዙ። የቀበሌም ይሁን ፋይዳ፣ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። በየኬላው ይጠየቃሉ፤ ሆቴልም ያለ መታወቂያ አልጋ አይሰጥዎትም።

ብዙ ጥሬ ብር ይዞ መዞር አያስፈልግም። ጅጅጋ በስልክ መክፈልን ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ቀድማ የለመደች ከተማ ናት። ዛሬ ሸበሌ ባንክ የሆነው የሶማሌ ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ሄሎ ካሽን ሲያስፋፋ ቴሌብር ገና አልተወለደም ነበር፤ አዲስ አበቤው ድፍን ብር እየዘረዘረ ሳለ የጅጅጋ ሰው የሻይ ሂሳቡን በስልክ ይልክ ነበር። ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ካለዎት አብዛኛው ቦታ ይበቃዎታል። ለባጃጅና ለወተት ሻጭ ግን ዝርዝር ብር ኪስዎ ውስጥ ይኑር።

ልብስን በተመለከተ፣ «ሶማሌ ክልል ሞቃት ነው» ብሎ ቁምጣ የሚሸክፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀኑ ፀሐይ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ሹራብ ያስመኛል፣ ነፋሱም አቧራ ያዘለ ነው። ደግሞ ቁምጣ ለብሶ ገበያ መሃል የሚሄድ ትልቅ ሰው ከአክብሮት ይልቅ መሳቂያነት ነው የሚያተርፈው። ለሴት አንባቢዬ፦ ፀጉር መሸፈን ግዴታ አይደለም፤ ሳይሸፈኑ ሥራ የሚውሉ ብዙ ክርስቲያን ሴቶች አሉ። ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ፣ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ፣ በቦርሳ ደግሞ አንድ ሻርፕ መያዝ ግን ብዙ ነገር ያቀልልዎታል። ሻርፑ ለአቧራውም ይሆናል።

ወቅት መምረጥ ከቻሉ በነሐሴ ወይም በመስከረም ይሂዱ። በዚህ አካባቢ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ድራዕ የሚሉት ከመጋቢት ማለቂያ እስከ ግንቦት፣ ከረን የሚሉት ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ ይጥላል። በከረን የጅጅጋ ሜዳ ማሽላና ስንዴ ለብሶ ያገኙታል፤ «ሶማሌ ሁሉ በረሃ ነው» የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጅላል ግን ደረቅና አቧራማ ነው። የረመዳንንም ቀን አስቀድመው ያጣሩ። በጾሙ ወር ቀን ላይ ምግብ ቤት ዝግ ነው፤ ከተማዋ ሕይወት የምትዘራው ከመግሪብ በኋላ ነው። ለመዝናናት ለሚሄድ ሰው ያ የረመዳን ማታ ራሱ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሥራ ለማስጨረስ ለሚሄድ ግን አይመከርም።

ስለ ጸጥታ ሳይጠይቅ የሚሄድ የለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የተነሳው ሁከት ሰው የሞተበት፣ አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበት ስለነበር የጅጅጋ ስም ሲነሳ ዛሬም ያ ቀን ትዝ የሚለው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሰክና ኖራለች። እንዲያውም ይበልጥ ሊጠይቁበት የሚገባው ከአዋሽ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ነው፤ በተነሱበት ሳምንት ስለመንገዱ ሾፌሮችን ያነጋግሩ፣ የዛሬ ዓመት የሄደ ዘመድ የነገረዎትን አይያዙ።

በየት በኩል ይግቡ

በአውሮፕላን ከቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሚያርፉበት ማረፊያ ጋራድ ዊልዋል ይባላል። ዊልዋል በሶማሌ ተረት ውስጥ ሕዝቡን በእንቆቅልሽ የሚፈትን መሪ ነው። አንድ ቀን ወንዶቹን ሁሉ፣ ከበግ ሥጋ ሰውን ወንድማማች የሚያደርገውንም የሚያባላውንም አንዱን ብልት አምጡልኝ ብሎ አዘዘ ይባላል። ሁሉም ያማረ ሥጋ ይዞ ሲመጣ የአንድ ድሃ ልጅ አባቷን ጉሮሮ አስይዛ ላከችውና እንቆቅልሹን ፈታች፤ ብቻውን የሚውጥም አካፍሎ የሚበላም በዚያው ጉሮሮ ነውና። ሻንጣ እየጠበቁ ለጎንዎ ሰው ዊልዋል ማን እንደነበር ቢጠይቁት ሌላ ሦስት ተረት ይጨምርልዎታል።

ጊዜ ካለዎት ግን በመሬት ይግቡ። መንገዱን ሁሉ ባይችሉ እንኳ ከሐረር ጅጅጋ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይሂዱት። ከአዲስ አበባ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ አውቶቡስ ይዞ ሐረር ማደር ይቻላል፤ ወይም ከለቡ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሐረር። የባቡሩ የመንገደኛ ቀን ስለሚቀያየር አስቀድመው ይደውሉ። ከሐረር ሚኒባሱ ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ በጠዋት መናኸሪያ ይገኙና በመስኮት በኩል ይያዙ።

ባቢሌ ሲደርሱ ኦቾሎኒ ይግዙ፤ ከዚያ የሚጥም በአገሩ የለም፣ በዚህ ክርክር አልገባም። ሰኞ ወይም ሐሙስ ካለፉ የግመል ገበያውን ያገኙታል። ከባቢሌ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት፣ አንዳንዱ አሁን ይወድቃል የሚያሰኝ፣ አገር የሚያህል ቦታ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ እዚያ ጋ እንቅልፍ ይወስደዋል። እርስዎ አይተኙ።

ከዚያ ፋፈንን አልፈው መኪናው ማቃሰት ሲጀምር ካራማራ ላይ ነዎት። ሾፌሩ ባይቆምልዎትም ከጫፉ ላይ ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ። የጅጅጋ ሜዳ ያለ አንዳች ጉብታ ተዘርግቶ ይታይዎታል፤ ከዚያ በኋላ የከተማዋ ታሪክ ለምን በዚህ በር ዙሪያ እንደተጻፈ ማንም ማስረዳት አይኖርበትም። መጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበሩ የናይጄሪያ ወታደሮች ወደ ሐረር ለማለፍ ከጣሊያን ጋር የተዋጉት በዚሁ ተራራ፣ ማርዳ በሚባለው ማለፊያ ላይ ነው። የሶማሊያ ጦር በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ከያዘ በኋላም የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ የካቲት 26 ቀን ያሸነፈው እዚሁ ነው። ካሜራዎን ግን እዚህ አያውጡ፤ ኬላና ወታደር ያለበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካራማራ ለብዙው አማርኛ ተናጋሪ የድል ስም ነው። ጅጅጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ የተበተነበት፣ አንዱ ወንድም ወዲህ ሌላው ወዲያ የቀረበት ዘመን ሊሆን ይችላል። ሻይ ቤት ተቀምጠው ከማያውቁት ሰው ጋር በዚህ ወሬ ጨዋታ አይጀምሩ። እሱ ካነሳው ግን ጆሮዎን ይስጡት፤ መጽሐፍ ውስጥ የማያገኙትን ይነግርዎታል።

የደረሱ ቀን

ብዙ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደርስና ከተማዋን በዚያ ሰዓት ይፈርዳታል። ሱቁ ግማሹ ዝግ፣ ቢሮው ባዶ፣ ሰው የት ገባ ያሰኛል። ጫት ላይ ነው። ከአወዳይ በኩል የሚመጣው ጫት የጅጅጋን ከሰዓት በሙሉ ይገዛል፤ ከምሳ እስከ መግሪብ ቁም ነገር ያለው ቀጠሮ አይያዙ። ወሳኝ ጉዳይ ካለዎት ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱት። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሁሉም ነገር ይዘጋል። መቃሚያ ላይ ከተጋበዙ ባይቅሙም ይሂዱ። «ሻይ ይበቃኛል» ማለት ይቻላል፣ የሚቀየም የለም። የከተማዋ ፖለቲካ፣ ንግድና ሽምግልና የሚብላላው እዚያ ፍራሽ ላይ ነው።

ሆቴል ሲይዙ «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ከማለትዎ በፊት «ውሃ አለ ወይ?» ይበሉ። ጅጅጋ የውሃ ችግር የቆየባት ከተማ ናት፤ ጥሩው ሆቴል ሮቶው የማይነጥፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር መኖሩንም ይጠይቁ። ከመናኸሪያ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ በባጃጅ ሲሄዱ ሂሳቡን ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ፤ ብቻዎን ከሆነ ኮንትራት፣ ከሰው ጋር ከሆነ የሰው ዋጋ መሆኑን ግልጽ ያድርጉ። የመንገድ ስም አያስጨንቅዎት። የሆቴሉን፣ የመስጊዱን ወይም የባንኩን ስም ነው የሚናገሩት።

ገላዎን ታጥበው ትንሽ ይረፉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይውጡ። ሻይ ቤቶች ወንበራቸውን ደጅ ያወጣሉ፤ በወተት የተፈላ፣ ሄልና ቀረፋ ያለበት ሻይ ይዘዙ። ስኳሩ ይበዛብኛል ካሉ ሲያዙ ይናገሩ፣ ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ቢራ ግን በአደባባይ አይፈልጉ።

ሰላምታና አነጋገር

አማርኛ ጅጅጋ ውስጥ ብዙ ቦታ ያግባባል፤ በቢሮ፣ በሆቴል፣ በባጃጅ አይቸገሩም። ያም ሆኖ አምስት ስድስት የሶማሊኛ ቃል ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሌላ ፊት ይገጥመዋል። «ነበድ» ሰላም ነው፤ «ኢስካ ወረን» እንዴት ነህ፤ «ሱባሕ ወናግሰን» እንደምን አደርክ፤ «ማሃድሰኒድ» አመሰግናለሁ፤ «ዋ ኢሚሳ» ስንት ነው። ባጃጅ ለማስቆም «ጆጂ» ይበሉ። ለእኩያዎ «ወላል» ማለት ይበቃል፤ ለወንድም ለእህትም ያገለግላል። በዕድሜ ለሚበልጥዎት ወንድ «አዴር»፣ ለሴቷ «ኤዶ» ይበሉ፤ አጎቴና አክስቴ እንደማለት ነው። ማስታወቂያ ለማንበብ ደግሞ አንድ ቁልፍ ልስጥዎት፦ የላቲኑን ኤክስ «ሐ»፣ ሲን ደግሞ «ዐ» ብለው ያንብቡ። ያን ጊዜ የማይነበብ የመሰለው ግማሹ ሐሰንና ዐሊ ሆኖ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ደገኛ የሚቀየምበትን ነገር ማንሳት ይገባል። አንድ ጎረምሳ ባለሱቅ ነጭ ጸጉርዎን እያየ «አንተ፣ ምን ፈለግህ?» ሊልዎት ይችላል። ስድብ አይደለም። ሶማሊኛ አንድን ሰው ሲያናግር እንደ አማርኛው «አንተ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም፤ አማርኛውን የሚናገርበት በራሱ ቋንቋ ልማድ ነው። አክብሮቱ ያለው «አዴር» በሚለው መጠሪያ፣ ወንበር በመልቀቁና ሻይ በማዘዙ ውስጥ ነው። እርስዎ ግን «እርስዎ» ማለትዎን አይተዉ፤ ደገኛውን ለምደው የቆዩ ሽማግሌዎች ልዩነቱን ያውቁታል፣ ይወዱታልም።

ሰላምታ ሳይጨርሱ ጉዳይ አይጀምሩ። ወንድ ከሆኑ ለሴት እጅዎን ቀድመው አይዘርጉ፤ ሴትም ከሆኑ እንዲሁ ለወንድ። እሷ ወይም እሱ ከዘረጉ ይጨብጡ፣ ካልዘረጉ እጅዎን ደረትዎ ላይ ማድረግ ይበቃል። የሰው ጎሳ አይጠይቁ። እነሱ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ቢሰሙም ለእነሱ የዝምድና ማወቂያ ነው፤ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ሰው ፈልገው ከሆነም የሙሉ ስሙን ብቻ ይዘው አይምጡ። መሐመድ አብዲ የሚባል በየሱቁ አለ። ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ቁመቱ፣ ዓይኑ፣ ጥርሱ ወይም አረማመዱ ስም ይሆንለታል፣ ባለቤቱም አይከፋውም። ረጅሙ «ዴሬ»፣ ትንሹ «ያሬ» ነው። ቀጠሮ የያዙለትን ሰው «ሰው ምን ብሎ ይጠራሃል?» ብለው በስልክ ቢጠይቁት ግማሽ ቀን ያተርፋሉ።

ጠዋቱን አያባክኑ

በማግስቱ ማለዳ ይነሱ። ቁርስ ላሆህ ነው፤ ከእንጀራ የሳሳ፣ ለስለስ ያለ፣ ዓይን ያወጣ። በሻይ፣ በማርና በቅቤ ወይም በጉበት ይበሉታል። የግመል ጉበት ከሽንኩርት ጋር ተጠብሶ ሲመጣ ሥጋ ወዳድ የሆነ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

ከዚያ ወደ ገበያ። መጀመሪያ የወተት ሻጮቹ ጋ ይሂዱ። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካን ፊታቸው ደርድረው ይቀመጣሉ። ለመቅመስ ከጠየቁ በክዳኑ ትንሽ ቀድተው ይሰጡዎታል። የግመል ወተት ቀጭን ነው፣ እንደ ላም ወተት ጥብቅ ብሎ አይረጋም፤ ዕቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን የጭስ ቃና አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ሰው ከአንድ ብርጭቆ አይለፍ። ሆድ ያላውሳል፤ በተለይ ከሰዓት ሚኒባስ የሚሳፈሩ ከሆነ ይህን ምክር በቀላሉ አይዩት። ትኩሱን ወተት አፍልቶ መጠጣት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ከወተቱ ቀጥሎ መዓዛው ይጠራዎታል። ዑንሲ ከስኳር፣ ከዕጣንና ከሽቶ ተነጥሮ የሚሠራ ማጨሻ ነው፤ በሸክላ ደብቃድ ውስጥ ፍም ላይ ጣል ያደርጉታል። እያንዳንዷ ባለሙያ የራሷ ቅመራ አላት። ሦስት አራቱን አሽትተው ይምረጡ፤ ካሸተቱ በኋላ ሳይገዙ ቢሄዱ ማንም አያኮርፍም። ቅጠሉ ተፈጭቶ ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት ቃሲል፣ ባቲ የሚሉት ስስ ቀሚስ፣ ለወንዶች ሽርጥ፣ ቴምር፣ ሃልዋ ሁሉም እዚያው አካባቢ ነው። ዋጋ መከራከር ይቻላል፤ እየሳቁ ከሆነ።

የከብት ገበያው ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። ፍየሉ፣ በጉና ግመሉ ከኦጋዴን ድረስ ይመጣል፤ ጥቂት የማይባለው በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሻገር ነው፤ ስለዚህ ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ዋጋውም ግርግሩም ይጨምራል። ጥግ ይዘው ሁለት ሰዎችን ብቻ ይመልከቱ፤ ሻጭና ገዢ፣ ወይም ደላላው። እጅ ለእጅ ይያያዙና በላዩ ላይ ፎጣ ወይም የሽርጥ ጫፍ ጣል ያደርጋሉ። ከጨርቁ ሥር ጣት ይጨበጣል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይጨበጣል፤ አፋቸው ስለ ዝናብ ያወራል። ዋጋው በጣት ነው የሚነገረው። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ እንዳይሰማ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ለሌላው መነሻ እንዳይሆን። አንዱ እጁን ድንገት መንጭቆ ሲሄድ ገበያው ፈረሰ ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ፎቶ ሊያነሱ ከፈለጉ አስቀድመው ያስፈቅዱ። ከግመል ኋላ አይቁሙ። ለባለከብቱም «ስንት ግመል አለህ?» አይበሉት፤ ባንክ ያለህን ብር ንገረኝ እንደማለት ነው።

ሲመለሱ መሃል ከተማውን በእግርዎ ይሂዱ። መንገዶቹ ቀጥ ብለው እርስ በርስ ሲቆራረጡ ያያሉ። በኋላ በጅሮንድ የተባሉት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅጅጋ ገዥ በነበሩ ጊዜ ያስቀየሱት ፕላን ነው። ሩሲያ የተማረ ሰው ባዶ ሜዳ ሲሰጡት ምን እንደሚያደርግ እዚህ ይታያል። ከእሳቸው በፊት ቦታው የጦር ሠፈር ነበር፤ የሰይድ መሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ደርቪሾች በ1892 ዓ.ም. ጥቃት ያደረሱበት። የአገሩ ሰው ግን የጅጅጋን ዕድሜ የሚቆጥረው ከሌላ ቀን ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የክልሉ መዲናነት ከጎዴ ወደዚህ ከመጣ ወዲህ ከተማዋ በማያውቋት መጠን ሰፍታባቸዋለች።

ለምሳ ሩዝ ወይም ፓስታ ይዘዙ፤ በሪስና ባስቶ ይሉታል። መጀመሪያ ሾርባ ከሎሚ ጋር ይቀርባል። የፍየል ሥጋ ወይም ሂሊብ ጌል፣ የግመል ሥጋ፣ ይከተላል። ቢስባስ የሚሉት አረንጓዴ ማባያ ያቃጥላል፤ ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ግን ጨዋታ ነው። ሙዙን ለመጨረሻ አያቆዩት፤ ከሩዙ ጋር እየቆረሱ ነው የሚበላው። ጣፋጭና ጨው አይገናኙም የሚሉ ከሆነ አንድ ጉርሻ ይሞክሩና ከዚያ ይወስኑ። ሥጋው በእስላም የታረደ መሆኑን ደግሞ አጥባቂ ክርስቲያን ከሆኑ አስቀድመው ያስቡበት፤ አማራጭ ከፈለጉ የጾም ምግብ የሚሠሩ ቤቶችን የሆቴሉን ሠራተኛ ይጠይቁ፣ አሉ።

ከጅጅጋ ወጣ ሲሉ

አንድ ቀን ብቻ ካለዎት ቶጎ ውጫሌን ይምረጡ። ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልደው ከተነሱ ለምሳ ይመለሳሉ። ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ሶማሌላንድ። መሪያቸው በቀኝ የሆነ መኪኖች፣ የሶማሌላንድ ሽልንግ በእስር በእስር የደረደሩ ዘርዛሪዎች፣ ሩዝና ዘይት የጫኑ የጭነት መኪናዎች ታያላችሁ የሚባለው እውነት ነው። ድንበሩ አጥር ያለው ስለማይመስል እግርዎ ሳያውቅ ሊሻገር ይችላል፤ ፓስፖርትና ቪዛ ካልያዙ ከኬላው ወዲያ አይለፉ። ስልክዎም የማዶውን ኔትወርክ ሊይዝ ስለሚችል የሮሚንግ ሂሳብ እንዳይመጣብዎት ዳታውን ይዝጉ።

ታሪክ የሚወድ ሰው አውባሬን ያስቀድም፤ በድሮ ካርታ ተፈሪ በር ተብላ ያገኟታል። ወደ ቦረማ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በስሙ የምትጠራበት ሼህ መቃብር የሚዘየርባት ከተማ ናት። ጫማ አውልቆ፣ ሴት ከሆኑ ራስ ሸፍኖ፣ ጠባቂውን አስፈቅዶ መግባት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነስቶ ሐረር ለመግባት በ1847 ዓ.ም. ያቋረጠው ሜዳም ይኸው ነው፤ እሱ ማራር ብሎ ጽፎታል።

በደቡብ ምሥራቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቀብሪበያህ አለች፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች የሚኖሩባት። ከእሷ ወዲያ ያለችው ሐርተ ሼክ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሸሸውን ሕዝብ የተቀበለች ናት፤ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ ይባል ነበር፣ በ1996 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣውን ያንን ሁሉ ሰው ያስተናገደች መሬት መሆኗን አውቆ ማለፍ ይበቃል፤ ዛሬ ለጎብኚ ብዙ የሚታይ ነገር የለም። አሁን ባሉት ጣቢያዎች ውስጥ ያለ ስደተኞች አገልግሎቱ ፈቃድ መግባት አይቻልም፤ «ዘመድ አለኝ» ማለት አይሠራም።

ሽንሌ፣ ኤረር፣ አይሻና ደወሌም የሰሜን ሶማሌ ከተሞች ናቸው፤ ነገር ግን ከጅጅጋ ጋር በአንድ ጉዞ አያጣብቋቸው። መግቢያቸው ድሬዳዋ ነው። ሽንሌ ከድሬዳዋ አፍንጫ ሥር ናት፣ ኤረር ፍል ውሃ አላት፣ አይሻና ደወሌ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ባቡርና የክፍያ መንገድ የሚያልፍባቸው ናቸው። ቆላ ስለሆኑ ሙቀቱም ከጅጅጋ ጋር አይወዳደርም።

ሲመለሱ

በጅጅጋ ርካሽ ነገር ብዙ ነው፤ ሽቶ፣ ልብስ፣ ስልክ፣ የዱቄት ወተት። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ኬላው ላይ ይማራሉ። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ከጅጅጋ ወደ ሐረር ሲሄድ ይያዛል፤ ፍተሻው ካራማራ ላይ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያም ይደገማል። ለራስ የሚሆን አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሽቶ፣ ጥቂት ዑንሲ ማንም አይነካብዎትም። አንድ ዓይነት ዕቃ አምስት ስድስት ከያዙ ግን ነጋዴ ነዎት። ደረሰኝ ያለው ሱቅ ትንሽ ቢወደድም ከዚያ ይግዙ፣ ደረሰኙንም ከዕቃው ጋር ሳይሆን ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎንዎ የተቀመጠች ሴት «እናቴ፣ ይቺን ፌስታል የኔ ናት በይልኝ» ወይም «ወንድሜ፣ ይቺን ጃኬት ደርብልኝ፣ ባቢሌ ላይ ትመልስልኛለህ» ልትል ትችላለች። ልጆቿን የምታሳድግበት ሥራ መሆኑን እያወቁም ቢሆን በትሕትና እምቢ ይበሉ። ፈታሹ «የማን ነው?» ሲል መልሱ የእርስዎ ይሆናል፣ ዕቃው ውስጥ ያለውን ግን አያውቁም።

ፍተሻው ሁሉንም ሻንጣ ካወረደ የሁለት ሰዓቱ መንገድ አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ወይም ባቡር፣ ከሐረር አውቶቡስ የያዙ ከሆነ በዚያው ቀን ጠዋት ከጅጅጋ አይነሱ፤ ዋዜማውን ገብተው ሐረር ይደሩ።